የኮን ቀንድ አውጣ መርዝ ፖታሲየም ቻናል ከዘጋ አሳው ለምንድነው ሚደርቀው? ለሐሙስ ሴሚናር ነው እርዱኝ

ሰቃይ_ያልሆንኩት፦

ሰላም ነው ቤቶች፣ ከጅማ ነኝ ፋርማሲ ሶስተኛ አመት። ሐሙስ ሴሚናር አለብኝ፣ ርእሱ የተፈጥሮ መርዞችና አዮን ቻናል (ሴሉ ሽፋን ላይ ያለ ሶዲየም ፖታሲየም ምናምን ሚያልፍበት በር) ሚል ነው፣ እጣ ስናወጣ ለጓደኞቼ እባብ ጊንጥ ንብ ምናምን ደረሳቸው ለኔ ቀንድ አውጣ። ኪኪኪ። እኔ ማውቀው ቀንድ አውጣ ዝናብ ሲጥል (ጅማ መቼ ነው ማይጥለው እሱ ሌላ ጥያቄ ነው) ግንብ ላይ ሚንፏቀቀውን ነው፣ ባህር ውስጥ ሆኖ አሳ ወግቶ ሚውጥ አለ ሲሉኝ ሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። ለካ የምር ነው። ኮነስ ፑርፑራሰንስ ይባላል፣ ጥርሱ ውስጡ ክፍት የሆነ መርፌ ነገር ነው፣ አሳው ላይ ይሰካውና መርዙን ይገፋበታል፣ አሳው በአንድ ሁለት ሰከንድ ክንፉን ዘርግቶ ድርቅ ይላል፣ ከዛ ቀስ ብሎ ይስበውና ይውጠዋል።

አሁን ግራ የገባኝን ልንገራችሁ። መርዙ ውስጥ ካለው አንዱ ቶክሲን ፖታሲየም ቻናል ይዘጋል ይላል። ፊዚዮሎጂ ላይ የተማርነው ደሞ ሶዲየም ሲገባ ነርቩ ይነሳል ፖታሲየም ሲወጣ ነርቩ ይረጋጋል ነው። ስለዚ የማረጋጊያው በር ከተዘጋ ነርቩ ይበልጥ ይነሳል እንጂ አይሞትም አይደል? ይበልጥ ከተነሳ ደሞ አሳው እንደ እብድ ተወራጭቶ ማምለጥ ነበረበት፣ ለምንድነው ቀጥ ሚለው? ይሄ ነው ዋናው ጥያቄዬ።

ሌላ ደሞ "ብሎክ" ሲባል ቶክሲኑ ቻናሉ ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል ነው ወይስ ላዩ ላይ ይቀመጥበታል ነው? አንድ የዶርም ጓደኛዬ ደሞ ከዚ መርዝ የህመም ማስታገሻ ተሰርቷል ፖታሲየም በመዝጋት ነው ሚሰራው አለኝ፣ ስላይድ ላይ ላስገባው ወይስ ይቅር? የምጽፈው በስልክ ነው መብራት ስለሌለ፣ ስህተት ካለ ይቅርታ።

ቡና_በጨው፦

ቀላል ነው ብሮ። በሩ ከተዘጋ ፖታሲየም ሴሉ ውስጥ ይታፈናል ስለዚ ደም ውስጥ ያለው ይቀንሳል፣ ፖታሲየም ሲቀንስ ደሞ ጡንቻ ይዝላል፣ ሆስፒታል ሰው ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ሚደክመው በዛ ነው። አሳውም እንደዛ ነው ሚሆነው። በዚ አስረዳቸው ይገባቸዋል።

ማይክሮፒፔት፦

ቡና_በጨው ወንድሜ ይቅርታህን፣ ልጁ ሐሙስ ሰው ፊት ቆሞ እንዳይዋረድ ላርመው ብዬ ነው። የደም ፖታሲየም ከዚ ጋር አይገናኝም። ነርቭ አንዴ ሲተኩስ በቻናሉ ሚወጣው ፖታሲየም ሴሉ ውስጥ ካለው አንፃር ኢምንት ነው፣ ውስጥ 140 ሚሊሞላር አካባቢ አለ ውጪ 4 ወይ 5፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ በሩን ዘጋኸው ከፈትከው እነዚ ቁጥሮች ንቅንቅ አይሉም። ሚቀየረው ቮልቴጁ ነው። ደሞ እስቲ አስበው፣ አሳው ሰውነት ውስጥ ያለ የፖታሲየም መጠን በሁለት ሰከንድ ይቀየራል? አሳው ላይ ያለው መድረቅ እንጂ መዛል አይደለም፣ እዚ ጋ ነው ነገሩ ሚለያየው።

አሁን ሰቃይ_ያልሆንኩት፣ ጥያቄህ ጥሩ ጥያቄ ነው ወላሂ፣ ሃሳብህም ልክ ነው፣ መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የሳትከው። አዎ የማረጋጊያው በር ሲዘጋ ነርቩ ይበልጥ ይነሳል። ነርቩ አርፎ ሲቀመጥ ኔጌቲቭ 70 ሚሊቮልት አካባቢ ነው፣ ሶዲየም ሲገባ ወደ ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ከዛ ሁለት ነገር ይመልሰዋል፣ አንዱ የሶዲየሙ በር እራሱን ይዘጋል፣ ሁለተኛው ፖታሲየሙ ትንሽ ዘግይቶ ይከፈትና ይወጣል። ይሄ ቀንድ አውጣ ተንኮሉ ምንድነው፣ ሁለቱንም ነው ሚይዛቸው። ካፓ የተባለው ቶክሲን የፖታሲየሙን በር ይደፍናል፣ ዴልታ የተባለው ደሞ የሶዲየሙ በር እራሱን እንዳይዘጋ ያረጋል። መኪናው ቁልቁለት እየወረደ ነዳጁ ተረግጦ ተነክሷል ፍሬኑም ተበጥሷል በለው። ነርቩ ከተነሳበት አይወርድም፣ ሳያቋርጥ ይተኩሳል፣ ጡንቻው ጋ ትእዛዝ ባናት ባናቱ ይደርሳል።

እና ለምን አይወራጭም? መዋኘት ማለት ግራ ጎን ሲኮማተር ቀኙ ይላላል፣ ቀኙ ሲኮማተር ግራው ይላላል፣ ተራ በተራ ነው። ሁሉም ጡንቻ ባንዴ ተኮማትሮ አልለቅም ካለ ዋና የለም፣ እንጨት ነው ሚሆነው። መንጋጋ ቆልፍ የያዘውን ሰው አስብ፣ ጡንቻው ስለዛለ ሳይሆን ስለማይለቅ ነው ሚደርቀው (የቲታነስ መንገዱ ሌላ ነው፣ ውጤቱን ለማሳየት ብቻ ነው ያነሳሁት፣ ስላይድ ላይ አንድ ነው ብለህ እንዳትጽፍ)። ስለዚ አሳው ቀጥ ያለው ነርቩ ስለጠፋ ሳይሆን ነርቩ ስለበዛበት ነው። ከዛ በኋላ ነው ሌላው የመርዙ ክፍል ሚደርሰው፣ ነርቭና ጡንቻ ሚገናኙበትን ቦታ ቀስ ብሎ ሚዘጋው፣ እሱ ሲደርስ አሳው ይላላል። የመጀመሪያውን ቡድን ተመራማሪዎቹ የመብረቅ ሴረኞች ነው ሚሉት፣ ስሙ ራሱ ይገልጸዋል። ቀንድ አውጣ መሮጥ አይችልም አይደል፣ አሳው አንድ ሜትር ከሄደበት እራቱ ሄደ ማለት ነው፣ ለዛ ነው ቀስ ብሎ ሚሰራ መርዝ ብቻውን ማይበቃው።

ብሎክ ለሚለው ደሞ ጀበና አስብ። ቻናሉ አራት አካል ክብ ሰርተው ቆመው መሃላቸው ላይ አንድ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው። የጀበናው አንገት ውስጥ አተላው እንዳይወርድ ጭራ ሚወትፉ አሉ አይደል? ቻናሉም አንገቱ ላይ ማጣሪያ አለው፣ ሴሌክቲቪቲ ፊልተር ሚሉት፣ ፖታሲየም ብቻ ነው ሚያሳልፈው። ቶክሲኑ ደሞ ውታፍ ነው። ከውጪ መጥቶ አፉ ላይ ይቀመጣል፣ ውስጥ አይገባም፣ ምንም ነገር አይሰብርም፣ ውታፉ ሲነሳ ቻናሉ እንደነበረ ይሰራል። አንድ ቻናል ለመዝጋት አንድ ውታፍ ይበቃል።

ሰቃይ_ያልሆንኩት፦

ኧረ ገለቶማ እህቴ፣ ዛሬ ነው የገባኝ። ፍሬን የተበጠሰበት መኪና ሚለውን እሰርቀዋለሁ።

ግን ውታፉ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቻናሉ ፖታሲየም ብቻ ነው ሚያሳልፈው ካልሽ፣ ቶክሲኑ ፕሮቲን ሆኖ እንዴት ነው እዛች ቀዳዳ ላይ ልክ ሄዶ ሚገጥመው? ጠረጴዛ ላይ ሺ ጀበና ቢደረደር ውታፉ እንዴት የፖታሲየሙን ጀበና ለይቶ ያውቀዋል? አስተማሪያችን እንደዚ አይነት ጥያቄ ነው ሚወደው፣ ሳይጠይቀኝ ልዘጋጅበት ብዬ ነው።

ማይክሮፒፔት፦

እዚ ጋ ነው ነገሩ ሚያምረው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

ቶክሲኑ ስሙ ካፓ-ኮኖቶክሲን ፒ7ኤ ነው (7ቷ በሮማ ቁጥር ነው ምትጻፈው)። 27 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። ከ27ቱ 6ቱ ሲስቲን ናቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በሰልፈር ይተሳሰሩና ሶስት ቋጠሮ ይሰራሉ፣ ለዛ ነው ትንሽ ሆኖ ቅርፁን ማይለቀው። ይሄን ያህል ትንሽ ፕሮቲን ያለ ቋጠሮ አብዛኛውን ጊዜ ልስልስ ክር ነገር ነው፣ ይሄ ግን ጠጠር ነው። ጠጠሩ ላይ ደሞ ቅርፁ በቦታው ያቆማቸው ሁለት አሚኖ አሲዶች አሉ፣ 7ኛው ላይ ላይሲን 9ኛው ላይ ፌኒልአላኒን። ላይሲኑን በሌላ ቀይረው ሲሞክሩት ቶክሲኑ ከጥቅም ውጪ ይሆናል፣ ፌኒልአላኒኑን ሲቀይሩትም እንደዛው።

ለምን ላይሲን? ላይሲን ጫፉ ላይ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ረጅም ጭራ አለው። ፖታሲየም ደሞ ምንድነው? አንድ ፖዘቲቭ ቻርጅ ነው። ማጣሪያው 3 አንግስትሮም (አንዱ አንግስትሮም የሚሊሜትር አስር ሚሊዮንኛ ነው) ሚሆን ጠባብ መተላለፊያ ነው ርዝመቱ 12 አካባቢ፣ ግድግዳው ኦክስጅን ነው፣ ፖታሲየም ውሃውን አውልቆ ሲገባ ኦክስጅኖቹ በውሃው ፈንታ ይከቡታል። ሶዲየም ትንሽ ስለሆነ ኦክስጅኖቹ አይደርሱለትም፣ ውሃውን አውልቆ ቢገባ ይከስራል ስለዚ አይገባም። ቶክሲኑ ይሄን ወንበር ነው ሚያየው። የላይሲኑን ጫፍ ማጣሪያው አፍ ላይ ያደርገዋል፣ ቦታው ፖታሲየም ነው መጣ ብሎ ይቀበለዋል፣ ግን ከጀርባው ያለው የቶክሲኑ ገላ ትልቅ ስለሆነ ማለፍ አይችልም። በቃ ተሰካ። ፌኒልአላኒኑ ደሞ ጎን ላይ ሆኖ የቻናሉን ከንፈር ይይዝለታል። ሰርግ ቤት የሙሽራውን ኮት ለብሶ የፊተኛውን ወንበር እንደያዘ ሰው ነው።

አሁን ወደ ጀበናው ተመለስ። ቡናው ሲገነፍል ውታፉን ከውስጥ ገፍቶ ይጥለው የለ? እዚም እንደዛ ይሆናል። ከሴሉ ውስጥ ፖታሲየም ብትጨምር ቶክሲኑ ቶሎ ይነቀላል፣ ምክንያቱም ከውስጥ ሚመጣው ፖታሲየም ፖዘቲቭ ነው ላይሲኑም ፖዘቲቭ ነው፣ አንድ ወንበር ላይ ሁለቱ አይቀመጡም ይገፋፋሉ። ይሄ መጀመሪያ የታየው ጊንጥ ላይ ነው፣ ካሪብዶቶክሲን ሚባል 37 አሚኖ አሲድ ያለው ቶክሲን፣ በፈረንጅ 1988 ነው፣ ከዛ 27ኛው ላይ ያለውን ላይሲን ቻርጅ በሌለው ሲቀይሩት ግፊያው ጠፋ። ስለዚ ገፊው ማን ላይ እንደሚያርፍ ታወቀ ማለት ነው። የቀንድ አውጣው ቶክሲን ደሞ ቻናሉ ዝግ ሲሆን ጠበቅ አርጎ ይይዛል ክፍት ሲሆን ላላ ይላል፣ ምክንያቱም ክፍት ሲሆን ነው ከውስጥ ገፊ ሚመጣው። ጀበናው ሲፈላና ሳይፈላ በለው። ልዩነቱ ጀበናውን ሚገፋው እንፋሎት ነው እዚ ግን ቻርጅ ነው፣ ይሄን ልዩነት ጥቀስ አለዚያ አንዱ ጎበዝ ይነሳብሃል።

በ2013 ደሞ የጊንጡ ቶክሲን ቻናሉ ላይ ተሰክቶ እያለ ክሪስታል ሰርተው በኤክስሬይ አዩት፣ ላይሲኑ ልክ ማጣሪያው አፍ ላይ ተገኘ፣ ላዩ ላይ መቀመጥ የነበረበት ፖታሲየም ቦታውን ለቆ። ከ20 አመት በላይ በቮልቴጅ ብቻ ሲገምቱት የነበረውን ነገር በአይን ማየት ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ተነስቼ ክፍል ውስጥ ዞሬያለሁ ብልህ አታምነኝም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሁሉም ፖታሲየም ሚዘጋ የቀንድ አውጣ ቶክሲን በዚ መንገድ ነው ብለህ እንዳትጽፍ። ኮነስ ራዲያተስ ሚባለው አር3ኬ ሚባል 24 አሚኖ አሲድ ያለው ቶክሲን አለው፣ እሱ ላይሲንና ፌኒልአላኒን ሚለውን ጥምር አይጠቀምም፣ ብዙ ፖዘቲቭ አሚኖ አሲዶቹ በቀለበት ሆነው ነው ሚይዙት። ፒ7ኤ ላይ ብቻ አተኩር።

ጡረታ_የቀረበኝ_መምህር፦

ልጆች፣ ከአጂፕ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ነው ያነበብኩት፣ ደስ ብሎኛል። ባዮሎጂ ለ31 አመት ነው ያስተማርኩት እና እኔም ትንሽ ልጨምር።

ልጄ ሰቃይ ያልሆንከው፣ ስሙን ከመሸምደድ ስሙን አንብበው፣ ግማሹን መልስ ይሰጥሃል። ካፓ ማለት ፖታሲየም ቻናል ሚዘጋ፣ ኦሜጋ ካልሲየም፣ ሚዩ ሶዲየምን ሚዘጋ፣ ዴልታ ሶዲየሙ እንዳይዘጋ ሚያደርግ፣ አልፋ ደግሞ ነርቭ ጡንቻን ሚጠራበትን ተቀባይ ሚዘጋ። ከዛ ፒ የፑርፑራሰንስ ፒ ናት፣ የእንስሳው ስም መጀመሪያ። 7 የሲስቲኖቹ አቀማመጥ ንድፍ ነው። ኤ ደግሞ ከወንድሞቹ መለያ። ተማሪ ሆኜ ማንም እንዲህ ፈትቶ አላስተማረኝም፣ በጩኸት ነበር ምንሸመድደው።

ሁለተኛ፣ ይህ ቶክሲን የተሞከረበት ቻናል ሼከር ይባላል፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ታሪኩ ያስቃል። የፍራፍሬ ዝንብ ነው፣ ሙዝ ላይ ሚርመሰመሰው ትንሹ። ኤተር ሲያሸቷት እግሯን ምታንቀጠቅጥ ዝንብ ተገኘች፣ ጤነኛዋ ዝም ብላ ስትተኛ እሷ ትንቀጠቀጣለች። ለምን ሲባል የፖታሲየም ቻናሏ ጂን ተበላሽቶ ነው። በ1987 ጂኑን ከዝንቧ ላይ ለይተው አወጡት፣ የፖታሲየም ቻናል ጂን በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በዚያች ዝንብ እግር ነው። አየህ፣ ዝንቧም ፍሬን የተበጠሰባት ናት፣ ልዩነቱ ቀንድ አውጣው ፍሬኑን ከውጪ ነው ሚበጥሰው እሷ ግን ስትወለድ የላትም። ሴሚናርህን በዚች ዝንብ ብትጀምር ክፍሉ ይነቃል፣ በትርጉም ከጀመርክ ይተኛል፣ ከልምድ ነው ምነግርህ።

ሶስተኛ፣ ማጣሪያው ምን እንደሚመስል ያሳየው ሮድሪክ ማኪነን ነው፣ በ1998፣ የተጠቀመው ደግሞ የአፈር ባክቴሪያ ቻናል ነው። በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል ከፒተር አግሬ ጋር ወሰደ። ጊንጥ፣ የባህር አኒሞን፣ ማምባ እባብ፣ ቀንድ አውጣ፣ እነዚህ ዘመዳሞች አይደሉም፣ ግን ሁሉም በየፊናቸው ላይሲን ወንበሩ ላይ ማስቀመጥን አግኝተውታል። ማምባ እኛም አገር ቆላው ላይ አለ። ተማሪዎቼ "ቲቸር ማን ከማን ኮረጀ" ብለው ይጠይቁኝ ነበር፣ ማንም ከማንም አልኮረጀም፣ ፈተናው አንድ ስለሆነ ነው መልሱ የተመሳሰለው።

ቀይ ባህር ዳር የሄደ ሰው ካላችሁ ደግሞ፣ ያማረ ሾጣጣ ዛጎል አይቶ በእጁ እንዳያነሳ። ጂኦግራፈስ ሚባለው ዝርያ ከቀይ ባህር ጀምሮ እስከ ፓስፊክ ድረስ አለ፣ ሰው ገድሏል፣ ማርከሻ መድኃኒት የለውም፣ ሚደረገው መርዙ እስኪወጣ ሰውየውን በማሽን ማስተንፈስ ብቻ ነው። ዛጎሉ ባዶ መስሏችሁ ኪሳችሁ ብትከቱት ልብሱንም አልፎ ሊወጋ ይችላል።

የሌሊት_ተረኛ፦

ጋሼ ሰላምታዬ ይድረስዎት፣ እኔም ሌላ ሰፈር ቢሆንም በእርስዎ አይነት መምህር ነው ያለፍኩት።

ስለ መድኃኒቱ የተጠየቀው ስላልተመለሰ እኔ ልመልስ፣ ተረኛ ነኝ ዛሬ ጸጥ ብሏል (ጸጥ ብሏል ስል አሁን ጥሪ ይመጣል በቃ)። ጓደኛህ ግማሹን ነው ልክ የሆነው። ከኮን ቀንድ አውጣ መርዝ የተሰራ የህመም መድኃኒት አለ፣ ዚኮኖታይድ ይባላል፣ አሜሪካ በ2004 ነው የተፈቀደው፣ ግን ፖታሲየም አይደለም ሚዘጋው። ኦሜጋ ነው፣ ካልሲየም ቻናል ነው ሚዘጋው፣ ጋሼ ያሉትን የስም ፍቺ ካወቅክ እዚ ጋ አትሳሳትም። ምንጩም ሌላ ዝርያ ነው፣ ኮነስ ማገስ። የህመም መልእክት አከርካሪ ላይ ሲደርስ ካልሲየም ካልገባ መልእክቱ አይተላለፍም፣ ሃሳቡ ይሄ ነው። ግን በክኒን አይወሰድም፣ በፓምፕ በቀጥታ አከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ነው ሚገባው፣ ሌላ ነገር አልሰራ ላለው ከባድ ህመም ነው። ስለዚ ኮን ቀንድ አውጣ ማስታገሻ ብለህ ዝም ብለህ አትለፈው፣ አንዱ ተነስቶ "አወሳሰዱስ?" ይልሃል።

የፖታሲየሙ ቶክሲን ግን መድኃኒት አልሆነም። ፒ7ኤን እንስሳ ላይ ሞክረውት ልብ ደም ሲቋረጥበት ሚሞተውን የጡንቻ መጠን ቀንሶ ነበር፣ ደስ ይላል ግን ገበያ ላይ የለም። ሌላ ማስገባት ምትችለው 4-አሚኖፒሪዲን ነው፣ ተራ ትንሽ ኬሚካል ነው ፖታሲየም ቻናል ሚዘጋ፣ ግን ከውጪ ሳይሆን ከውስጥ በኩል ገብቶ፣ በ2010 መልቲፕል ስክሌሮሲስ (የነርቭ ልባስ ሚላጥበት በሽታ) ላለባቸው ሰዎች መራመድ እንዲያግዝ ተፈቅዷል። የተላጠ ነርቭ ላይ ሲግናሉ ሲሄድ ፖታሲየም እየፈሰሰ ያዳክመዋል፣ እሱን ትደፍነውና ሲግናሉ ያልፋል። ያው ነገር ነው፣ አሳውን ሚያደርቀው አይነት ሃሳብ በልኩ ሲሆን ሰው ያስኬዳል፣ ሲበዛ ደሞ ያው ያንዘፈዝፋል፣ መድኃኒቱ ዶዙ ካለፈ ሚያመጣው ጣጣ እሱ ነው። ለኔ ይሄ ለፋርማሲ ተማሪ ከቀንድ አውጣው በላይ ይጠቅማል።

መጣች ጥሪ። አላልኳችሁም።

ቡና_በጨው፦

እሺ ተማርኩ፣ ከስህተቴ ነው ሰው ሚማረው ብዬ ነው የጻፍኩት ኪኪኪ። ግን ልጠይቅ፣ ጫትስ? ምርቃና ላይ ነርቩ እምቢ አልረጋጋም ሚለው ፖታሲየም ተዘግቶ ነው ማለት ነው? አንድ ሁለት ሰው አውቃለሁ ሌሊቱን ሙሉ እንደዛ አሳ አይናቸውን አፍጥጠው ሚያድሩ።

ማይክሮፒፔት፦

አቦ አንተ ልጅ። አይደለም፣ ጫቱ ውስጥ ያለው ካቲኖን ሚሰራው ዶፓሚንና መሰሎቹ ከነርቭ ጫፍ እንዲለቀቁ በማድረግ ነው፣ አምፌታሚን ቤተሰብ ነው፣ ከውታፍ ጋር አይገናኝም። ለሴሚናሩ አይሆንም፣ ክፍሉ በሙሉ ስለ ጫት ማውራት ከጀመረ የልጁ ቀንድ አውጣ እዛው ይቀራል።

ሰቃይ_ያልሆንኩት፦

ኪኪኪ አዎ ጫቱ ይቅርብኝ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ በተለይ ዝንቧን ተቀብያለሁ። ስላይዱ አሁን 6 ገጽ ደርሷል፣ ዝንቧ፣ ከዛ አሳው፣ ከዛ ፍሬኑ፣ ከዛ ጀበናው፣ ከዛ ላይሲኑ፣ ከዛ ዚኮኖታይድ "ይሄ ሌላ ነው" ሚል ገጽ።

የመጨረሻ ጥያቄ በቃ። አንዱ "በምን አወቁት?" ቢለኝስ? ቻናል በአይን አይታይ፣ አንዱን ቻናል ለብቻው እንዴት ነው የዘጉት?

ማይክሮፒፔት፦

በእንቁራሪት እንቁላል። ዜኖፐስ ሚባል የአፍሪካ እንቁራሪት እንቁላሉ አንድ ሚሊሜትር ይበልጣል፣ ትልቅ ሴል ስለሆነ በመርፌ መውጋት ይቻላል። የሼከርን ቻናል አርኤንኤ ትወጋበታለህ፣ ሁለት ሶስት ቀን ሲያድር እንቁላሉ በራሱ ያንን ቻናል ሰርቶ ቆዳው ላይ ይሰካዋል። ከዛ ሁለት ኤሌክትሮድ ትሰካና ቮልቴጁን አንተ ትይዘዋለህ፣ ስንት ከረንት አለፈ ብለህ ትለካለህ። ቶክሲን ጠብ ስታረግ ከረንቱ ይወርዳል፣ ስታጥበው ይመለሳል። ስታጥበው መመለሱ ነው ውታፍ እንጂ መዶሻ እንዳልሆነ ሚያሳይህ፣ ይሄን ግራፍ ካገኘህ ሌላው ሁሉ ቢቀር እሱን አስገባ። ግማሹን ቻናል ለመዝጋት 60 ናኖሞላር አካባቢ ነው የበቃው፣ ባንድ ሊትር ውሃ 0.2 ሚሊግራም ገደማ ማለት ነው፣ ጨው ስትቆነጥር ጣትህ ላይ ከሚቀረው ያንሳል።

ደሞ መሳሪያ የለንም ብሎ ለሚያማርር አንድ ነገር፣ ይሄን የቀንድ አውጣ ጥናት የጀመረው ባልዶሜሮ ኦሊቬራ ፊሊፒንሳዊ ነው፣ አሜሪካ ዲኤንኤ ላይ ሰርቶ አገሩ ሲመለስ ለዲኤንኤው ሚሆን እቃ አልነበረውም፣ ቀንድ አውጣ ግን ባህሩ ላይ ሞልቷል። በኋላ ነው አሜሪካ ዩታ የሄደው። እኛ ባህር የለንም፣ ጊንጥ ግን አለን።

ጡረታ_የቀረበኝ_መምህር፦

ልጄ፣ ፎቶ ከምታስገባ እውነተኛ ጀበና ይዘህ ግባ፣ ከነ ውታፉ። እኔ ቤት አሮጌ አለ አንገቷ ትንሽ የተሸረፈች፣ እሮብ ከሰዓት አጂፕ እኖራለሁ መጥተህ ውሰዳት።

ሰቃይ_ያልሆንኩት፦

ኧረ ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ፣ እመጣለሁ። ባጃጅ ላይ እንዳልሰብራት ብቻ። ውታፏ የቡሽ ናት የጨርቅ?

ጡረታ_የቀረበኝ_መምህር፦

የበቆሎ ቆሮቆንዳ ናት።